ከደሴ ተነስቶ አትላንቲክን በሸራ ጀልባ ማቋረጥ፦ ጀልባዋንም ራሴንም እንዴት ላዘጋጅ?

የጦሳ ልጅ (መስከረም 27፣ ከምሽቱ 2፡10)

ሰላም ለቤቱ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሰፈሬ ቧንቧ ውሃ። ስድስት ዓመት በጭነት መርከቦች ላይ በማሪን ኢንጂነርነት ሠርቻለሁ። አሁን ኮንትራቴን ጨርሼ እናቴ ቤት ነኝ።

አብሮኝ የሠራ አንድ መኮንን 12 ሜትር የምትረዝም፣ ያገለገለች ባለ ሸራ ጀልባ ገዝቷል። የቆመችው ካናሪ ደሴቶች ውስጥ፣ ላስ ፓልማስ ነው። እሱ ካፒቴን ይሆናል። እኔና ሁለት ጓደኞቹ አብረነው አትላንቲክን አቋርጠን ካሪቢያን ውስጥ ያለችው ሴንት ሉሲያ ልንገባ አስበናል። መንገዱ 2,700 ኖቲካል ማይል ገደማ ነው፤ 5,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከደሴ አዲስ አበባ አሥራ ሁለት ጊዜ እንደመሄድ ነው፣ ያውም ሰው በሶምሶማ በሚሮጥበት ፍጥነት። ሦስት ሳምንት ይፈጃል።

እኔ ሞተር አውቃለሁ። ሸራ አላውቅም። ብዙ ባሕር አቋርጫለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ከታች፣ ከሞተር ክፍል ሆኜ ነው። ማዕበሉን የማውቀው በእግሬ እንጂ በዓይኔ አይደለም።

ወደ ላስ ፓልማስ የምበረው ኅዳር መጀመሪያ ነው። አንድ ወር አለኝ። ተራራ ላይ ተቀምጬ ምን ልዘጋጅ? የምታውቁትን ንገሩኝ። ለእናቴ ገና አልነገርኳትም።

የምጽዋ ባሕረኛ (መስከረም 27፣ ከምሽቱ 4፡35)

ልጄ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ። እኔ በ1982 ምጽዋ እስክትያዝ ድረስ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ በውጭ የጭነት መርከብ ላይ ሠርቻለሁ። አሁን ኮምቦልቻ ነው የምኖረው።

ስለ ጀልባዋ ከመጠየቅህ በፊት ስለ ወቅቱ ጠይቅ። የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካሪቢያን ለመድረስ አትቸኩሉ። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ቋሚ ነፋስ ደህና አድርጎ የሚረጋው በታኅሣሥ ነው። እሱ ነው ከኋላ የሚገፋችሁ። መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዳችሁ ነፋሱን ስታገኙ ነው ወደ ምዕራብ የምትታጠፉት። መንገዳችሁ ላይ ኬፕ ቨርዴ አለች። የሚንዴሎን ወደብ ካርታችሁ ላይ አክብቡ። የሆነ ነገር ከተሰበረ እዚያ ግቡ። ሚንዴሎን ካለፋችሁ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ማለት ነፋሱን በግንባር መጋፈጥ ነው። ያ መንገድ የለም በሉት።

ቀጥሎ ውሃ። ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር፣ ለአራት ሰው፣ ለ21 ቀን፤ 252 ሊትር ይሆናል። ግማሹን ጨምርበት። 378 ሊትር። ይህ ለመጠጥና ለማብሰያ እንጂ ለመታጠቢያ አይደለም፤ ሰውነት በባሕር ውሃ ይታጠባል። ሁሉንም አንድ ታንከር ውስጥ እንዳትጨምሩት። አንድ ጊዜ የጨው ውሃ የገባበት ታንከር አይቻለሁ። ከላይ ያለው ክዳን ጎማው አርጅቶ ነበር። ማንም ሳያውቅ ባሕሩ በመርከቡ ወለል ላይ በተረጨ ቁጥር ጠብ ጠብ ሲል ከረመ። ጠዋት ሻይ ስንቀምስ ነው ያወቅነው። ሌላ ታንከር ባይኖር ኖሮ እንጃ። ስለዚህ ግማሹ በጀሪካን ይሁን። ጀሪካኖቹም በደንብ ይታሰሩ።

የቀረውን ነገ እጽፍልሃለሁ። ዓይኔ ደክሟል።

ሐረጎ ሾፌር (መስከረም 28፣ ከጠዋቱ 1፡20)

አብሽር ወንድሜ! እኔ የተሳቢ ሾፌር ነኝ። ከኮምቦልቻ በሚሌ ጅቡቲ መንገድ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ባሕር የማየው ወደብ ላይ ተሰልፌ ብቻ ነው። ግን ስለ ነዳጅ አንድ ነገር ልበል።

አፋር በረሃ ላይ ሞተሬ ጠፍቶብኝ ያውቃል። ናፍጣው ውስጥ ውሃና ዝቃጭ ነበር። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ምንም አላለኝም። መንገዱ ሲያንገጫግጨኝ ዝቃጩ ከታንከሩ ሥር ተነሳና ፊልትሮውን ደፈነው። የያዝኩት መቀየሪያ ፊልትሮ ደግሞ ካንድ መለዋወጫ ሱቅ የገዛሁት፣ ልኩ ያልሆነ ዕቃ ሆኖ ተገኘ። ረዳቴና እኔ ሌላ መኪና እስኪመጣ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆየን። የአንተ ጀልባ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትንገጫገጭ ነው የምትሄደው። መለዋወጫህን ከመነሳትህ በፊት ግጠመው። ልኩ መሆኑን እየው። ከዚያ ፈተህ አስቀምጠው።

የጦሳ ልጅ (መስከረም 28፣ ከጠዋቱ 3፡05)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የክዳኑን ጎማ ለካፒቴኑ አሁኑኑ ጻፍኩለት።

ሾፌሩ ወንድሜ፣ ያልከው ልክ ነው። የጀልባዋ ታንከር ለብዙ ጊዜ ሳይታጠብ ቆሟል። ውሃ ባለበት ናፍጣ ውስጥ ደግሞ ተሕዋስያን ይባዙና ጥቁር ዝልግልግ ነገር ይሠራሉ። እንደደረስኩ ታንከሩን ከፍቼ አጥበዋለሁ። ፊልትሮ ስድስት፣ ቺንጋ ሁለት እይዛለሁ። የባሕር ውሃ የሚስበው ፓምፕ ውስጥ ያለችውን ባለ ክንፍ የጎማ መዘውር ሦስት እገዛለሁ። እሷ አንድ ጊዜ ያለ ውሃ ከዞረች ክንፎቿ ይበጣጠሳሉ፤ ሞተሩም ወዲያው ይግላል። ሌሎቹ ሦስቱም ሰዎች ፊልትሮ መቀየርና ከናፍጣው መስመር አየር ማውጣት እስኪችሉ አንነሳም። እኔ ብታመምስ?

የሚያስጨንቀኝ ሸራው ነው።

ሆጤ (መስከረም 28፣ ከምሽቱ 3፡40)

የደሴ ልጅ በሸራ አትላንቲክን ሲያቋርጥ ማየት ደስ ይለኛል። እኔም የሆጤ ልጅ ነኝ፤ ኑሮዬ ውጭ አገር ነው። ሸራ ጀልባ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ሄጄበታለሁ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ደቀሉን፣ ማለትም ሸራው የሚሰቀልበትን ረጅም ምሰሶ፣ ቀጥ አድርገው የያዙት የብረት ገመዶች ናቸው። እነሱ ከተበጠሱ ደቀሉ ይወድቃል። ገመዱ የሚበጠሰው መሃሉ ላይ አይደለም፤ ጫፉ ላይ፣ ከብረት መያዣው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ጥጥ ያዝና ከላይ እስከ ታች አብሰው። ከብረት ክሮቹ አንዱ እንኳ ከተሰበረ ጥጡን ይይዘዋል። ነጭ ብጫቂ ተንጠልጥሎ ታያለህ። ያን ካየህ ገመዱ ይቀየራል፤ ክርክር የለውም። ፒኖቹን አንድ በአንድ እይ። መቆለፊያቸው፣ ኮፒሊያው፣ በቦታው አለ? ጫፉ ታጥፏል? ይህን ወደብ ላይ ሆነህ፣ ወንበር ታስሮልህ ደቀሉ ጫፍ ድረስ ወጥተህ ነው የምታየው። ለአንተ ለኢንጂነሩ ከባድ አይደለም።

በጉዞ ላይ ደግሞ ትልቁ ጠላት መፋተግ ነው። ነፋሱ ከኋላ ስለሆነ ገመድና ሸራ ለሃያ ቀን አንድ ቦታ ላይ ይታሻሉ። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቦታ የታሸ ገመድ ጠዋት ግማሹ የለም። በየማለዳው ጀልባዋን እየዞርክ እየው። ገመዱን አንድ ስንዝር ያህል ልቀቀው ወይም ሳበው፤ የሚታሸው ቦታ ይቀየራል።

አሁን ሰው ስለሚገድለው ነገር። ሸራውን ከታች የሚይዝ አግድም ዘንግ አለ። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ሸራው ወደ ጎን ተዘርግቶ ነው የሚሄደው። ጀልባዋ ትንሽ ከተጠማዘዘች ነፋሱ በሌላ በኩል ይገባና ዘንጉ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይወረወራል። ጭንቅላት ካገኘ አይምርም። ስለዚህ ከዘንጉ ጫፍ ገመድ ታስሮ ወደ ፊት ይወጠራል። ይህ ገመድ ሳይታሰር ሌሊት አይኬድም።

ሁለተኛው መውደቅ ነው። ጀልባዋ በ6 ኖት (በሰዓት 6 ኖቲካል ማይል) ስትሄድ በአንድ ደቂቃ 185 ሜትር ትርቃለች። የሦስት ሜትር ማዕበል መሃል የሰው ጭንቅላት ከዚያ ርቀት አይታይም። ስለዚህ ዋናው ነገር አለመውደቅ ነው። ከፊት እስከ ኋላ ጠፍጣፋ ቀበቶ ይዘረጋል፤ ደረትህ ላይ ያለውን ማሰሪያ እሱ ላይ ትቆልፋለህ። ከክፍሉ በር ከመውጣትህ በፊት ነው የምትቆልፈው፤ ከወጣህ በኋላ አይደለም። ሌሊት ብቻህን ወደ ፊት አትሄድም። ሰው ከወደቀ ደግሞ አንድ ሰው ሌላ ሥራ የለውም። ጣቱን ቀስሮ እየጠቆመ ዓይኑን ከወደቀው ሰው ላይ ሳያነሳ ይቆማል። ይህን በቀን ብርሃን፣ ወደብ አጠገብ፣ ጀሪካን እየወረወራችሁ አሥር ጊዜ ተለማመዱት።

የሕይወት አድን ጀልባው የምርመራ ጊዜው አልፎ እንዳይሆን። በ406 ሜጋኸርትዝ በሳተላይት የድረሱልኝ ምልክት የምትልከው መሣሪያ በዚህች ጀልባ ስም መመዝገቧን አረጋግጡ። ያገለገለ ጀልባ ስትገዛ ብዙ ጊዜ መዝገቡ ላይ የድሮው ባለቤት ስልክ ነው የሚገኘው። ከጀልባዋ ሆድ ውሃ የሚያስገባ እያንዳንዱ ቀዳዳ አጠገብ ልኩን የያዘ የእንጨት ውታፍ ይታሰር። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወደ ጀልባዋ ሥር ወርዶ ይጠራቀማል። ስለዚህ ባበሰላችሁ ቁጥር ሲሊንደሩ ላይ ይዘጋ።

ሐይቅ ዳር (መስከረም 29፣ ከቀኑ 7፡15)

ወንድሜ፣ እኔ ሐይቅ ከተማ ነው ያለሁት። አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ዋና ትችላለህ?

ይህን የምለው ብዙ የደሴ ልጅ ስለማይችል ነው። ወደ እኛ ና። ሰላሳ ኪሎ ሜትር ነው። ሐይቃችን ጥልቅ ስለሆነ ከዳር ሳትርቅ፣ ዋናተኛ ይዘህ ግባ። ልብስህን እንደለበስክ መዋኘት ተለማመድ። ልብስ ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚጎትት ሰው ካላየው አያምንም።

ስንቅን በተመለከተ፤ የእኛ ምግብ ለዚህ የተሠራ ነው። በሶ እሳት አይፈልግም። ማዕበል ሲነሳና ማብሰል ሲያቅታችሁ በሶ በኩባያ በጥብጠህ ትጠጣለህ። ሽሮ ቶሎ ይበስላል። ድርቆሽ ግን ተጠንቀቅበት። የባሕር አየር እርጥብ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ይሻግታል። የአንድ ቀን የአንድ ቀን አድርገህ አየር በማያስገባ ላስቲክ አሽገው። ቆሎም ደስ ይላል፤ ግን ውሃ ያስጠማል። ጋሼ የቆጠሩትን ውሃ አስብ።

የጦሳ ልጅ (መስከረም 29፣ ከምሽቱ 1፡50)

እህቴ፣ እውነቱን ለመናገር ዋናዬ ደካማ ነው። በሥልጠና ጊዜ ያለፍኩት ያህል ብቻ ነው የምችለው። ቅዳሜ እመጣለሁ።

ስንቁ በጣም ደስ ብሎኛል። ካፒቴኑ ጿሚ ነው፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ሽሮና በሶው ለሁላችንም ይሆናል። ቋንጣም እናቴ ታዘጋጅልኛለች።

ሆጤ (መስከረም 29፣ ከምሽቱ 5፡00)

ቋንጣውን ተወው። ካናሪ ስፔን ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። ቅቤም እንዲሁ። ከእጅህ ላይ ይወስዱታል። ሥጋውን እዚያ ገዝታችሁ በበርበሬ አድርቁት።

ደግሞ ካርቶን ወደ ጀልባዋ አይግባ። በረሮ በካርቶን እጥፋት ውስጥ እንቁላል ይጥላል። ሁሉም ነገር ወደቡ ላይ ከካርቶን ይውጣ። ሎሚ በብዛት ያዙ። ክዳኑ የሚቆለፍ ድስት ግዙ፤ ቢገለበጥም አይደፋም። የሚያበስል ሰው በረድ ባለ ቀንም ቢሆን ቁምጣ ለብሶ አያብስል፤ የፈላ ውሃ ጭን ላይ ሲደፋ ሐኪም ቤት የለም።

ያየህ ይራድ (መስከረም 30፣ ከጠዋቱ 4፡30)

ሁላችሁም ስለ ገመድና ስለ በሶ ታወራላችሁ። እኔ ግን እናቱን አሰብኩ። ወንድም፣ በመርከብ ሠርተህ እንጀራህን ታገኛለህ። ይህ ለምን አስፈለገ? ለእናትህ ሳትነግር ዝግጅት አለ እንዴ?

የጦሳ ልጅ (መስከረም 30፣ ከቀኑ 9፡10)

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ስድስት ዓመት ባሕር ላይ ኖሬ ባሕሩን አላየሁትም። ተረኛ ሆኜ ስወጣ ሌሊት ነው፤ ስገባ ሞተር ነው። አንድ ጊዜ፣ ያለ ሞተር ድምፅ፣ ላየው እፈልጋለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እናቴን በተመለከተ ትክክል ነህ። ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።

የምጽዋ ባሕረኛ (መስከረም 30፣ ከምሽቱ 2፡00)

ልጄ፣ ዓይኔ ትንሽ ተሻለኝ። ያስቀረሁት ይህን ነበር።

ጀልባ በገንዘብ ይዘጋጃል። ሰው ግን በንግግር ነው የሚዘጋጀው። አራት ናችሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለአራት ብትካፈሉት ለአንድ ሰው ሦስት ሦስት ሰዓት ይደርሳል። መልካም ነው፤ ሁላችሁም ትተኛላችሁ። ግን እነዚያ ሦስት ሰዓታት ሙሉ በሙሉ ያንተ ናቸው። በየአሥር ደቂቃው ተነስተህ ዙሪያውን ታያለህ። ከትንሽ ጀልባ ላይ የባሕሩ ጠርዝ ቅርብ ነው፤ ባዶ ከነበረው ጠርዝ የወጣ ትልቅ መርከብ በሩብ ሰዓት አጠገብህ ሊደርስ ይችላል። ሌሊት ከሌላው መርከብ ላይ ቀይ መብራት ብቻ ካየህ በግራ ጎኑ በኩል ነህ። አረንጓዴ ብቻ ካየህ በቀኙ። ቀይና አረንጓዴ አንድ ላይ ካየህ ወደ አንተ ነው የሚመጣው።

እኔ በጭነት መርከብ ላይ ሳለሁ አንድ ሌሊት ሁለቱንም አየሁ። መኮንኑ ከተኛ ገና አንድ ሰዓቱ ነበር። ክፉኛ ደክሞት ነበር፤ አሳዘነኝ። ትንሽ ልጠብቅ፣ ምናልባት ይታጠፋል አልኩ። ሁለት ደቂቃ ጠበቅሁ። ከዚያ ስቀሰቅሰው መሪውን ነጥቆ ነው ያዞረው። ያ መርከብ በጎናችን ሲያልፍ የመስኮቶቹን ብርሃን አንድ በአንድ ቆጥሬያለሁ። ያን ያህል ቀርቦ ነበር። መኮንኑ አልተቆጣኝም። ትከሻዬን ይዞ «ሁለተኛ እንዳታዝንልኝ» ነው ያለኝ።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት አራታችሁም ቁጭ በሉ። ቡና ይፈላ። ካፒቴኑ በራሱ አንደበት «በማንኛውም ሰዓት፣ ለማንኛውም ጥርጣሬ ቀስቅሱኝ» ይበል። ካላለ አንተ አስብለው። እንቅልፉ ተቋርጦ የሚያኮርፍ ካፒቴን ከሆነ፣ ልጄ፣ ከእሱ ጋር አትሂድ።

ሐረጎ ሾፌር (መስከረም 30፣ ከምሽቱ 2፡25)

ጋሼ፣ ይህን አንብቤ ፀጉሬ ቆመ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ሲወርድ ረዳቴን «ዝም እንዳትለኝ፣ ያየኸውን ሁሉ ተናገር» ነው የምለው። ሥራውም እሱ ነው።

ሐይቅ ዳር (ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 11፡30)

ወንድማችን ሁለት ቅዳሜ መጥቷል። ዛሬ ሸሚዝና ሱሪ ለብሶ ሩብ ሰዓት ውሃ ላይ ቆየ። ወንድሜ ጀልባ ላይ ሆኖ አጠገቡ ነበር። በደንብ ተሻሽሏል።

የጦሳ ልጅ (ጥቅምት 29፣ ከምሽቱ 3፡15)

ቤተሰብ፣ ነገ ጠዋት ከኮምቦልቻ እበራለሁ።

ለጥያቄዎቻችሁ ልመልስ። ለእናቴ በነገርኳት ማታ ዝም አለች። በማግስቱ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች፤ ዱዓ አደረጉልኝ። ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቿ ከእናንተ ይበልጣሉ። ማን ነው የምታምኑት ሰው በየብስ ያለው? በስንት ቀን ነው የምትደውለው? ባትደውልስ ስንት ቀን ልጠብቅ? እነዚህን ጥያቄዎች ለካፒቴኑ ልኬለት መልሱን በወረቀት ጽፌ ሰጥቻታለሁ። በሳተላይት መሣሪያ በየቀኑ ያለንበት ቦታ ለወንድሜ ስልክ ይደርሰዋል። መሣሪያው ቢበላሽ ዝም ልንል እንደምንችልም ነግሬያታለሁ። ከተነሳን 28 ቀን አልፎ ካልደረስን ማን ለማን እንደሚደውል ተጽፏል። ወረቀቱ ቁም ሳጥኗ በር ላይ ተለጥፏል።

ጥርሴን ታይቻለሁ፤ አንዱ ተሞልቷል። የባሕር ሕመም ክኒኑን እዚሁ ሞክሬዋለሁ። አንደኛው ዓይነት ክፉኛ ያስተኛኛል፣ ስለዚህ ለተረኛ አይሆንም፤ ሌላውን ወሰድኩ። ዝንጅብልም ይዣለሁ። ከሴንት ሉሲያ የመመለሻ ቲኬት ተቆርጧል፤ በጀልባ ለሚገባ ሰው የኢሚግሬሽን ሰዎች ይጠይቃሉ ብለውናል። ድርቆሹ በሃያ አንድ ላስቲክ ታሽጓል። ቋንጣውን እናቴ ሳትሰማ ቀድማ አድርቃው ነበር። ስመለስ እበላዋለሁ፤ ከጣሪያው ሥር እንደተንጠለጠለ ነው።

ካፒቴኑን ጋሼ ያሉትን አስብዬዋለሁ። በቪዲዮ፣ አራታችንም ባለንበት። «ቀስቅሱኝ» አለ። ከዚያ ሁለቱ ጓደኞቹም ተራ በተራ አሉ። እኔም አልኩ።

የምጽዋ ባሕረኛ (ጥቅምት 29፣ ከምሽቱ 3፡50)

ኮምቦልቻ ስትመጣ የሰጠሁህ ገመድ የት አለ? ቋጠሮውን ዓይንህን ጨፍነህ ሠራኸው?

የጦሳ ልጅ (ጥቅምት 29፣ ከምሽቱ 3፡58)

ሠራሁት ጋሼ። በቀኝ እጄም በግራ እጄም። ገመዷ ሻንጣዬ ውስጥ፣ ከሁሉም በላይ ናት።